የታሸገው ድንኳን

ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔ ተናደድኩ። ተፈጥሮዬ ነው፤ እናቴ «የአንቺስ ቁጣ ከቁመትሽ ይበልጣል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ግቢው ውስጥ አሰልፈውን ሥራ አስኪያጁ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚል ወረቀት ሲያነብልን፣ አጠገቤ የቆመችው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትንሰቀሰቅ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄ ቤት በማን አቅም ነው የቆመው? በእኛ አይደለም እንዴ?

ከጎሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ፣ ፍሪጅና የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ነበር። ቆርቆሮው ከውጭ ይመጣል፣ ሞተሩም ከውጭ ይመጣል። እኛ እናጥፋለን፣ እንበይዳለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ እንገጥማለን፣ እንፈትሻለን። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ፍሪጁ ተሰክቶ ሲሠራ በሩን ከፍቼ ዘግቼ፣ ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጥፌ አዳምጬ «ይውጣ» ካላልኩ አይወጣም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባሉት ምግብ ቤቶች ጓዳ ውስጥ በእኔ እጅ ያለፈ ስንት ፍሪጅ አለ! ዛሬም በዚያ ሳልፍ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የማልፈው፤ ማን ይከለክለኛል?

ከዚያ ዶላር ጠፋ ተባለ። ሞተር ጭኖ ይመጣል የተባለው ኮንቴይነር ቀረ። አንዱ መስመር ቆመ፣ ቀጥሎ ሌላው ቆመ፤ ሥራ ፈትተን ወለል ስንጠርግ ከረምን። ወለል የሚጠርግ ፈታሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመጨረሻ ባንኩ መጥቶ ግቢውን ተረከበ፤ እኛም የግል ቦርሳችን ተፈትሾ በበሩ ወጣን።

ሥራው ሄደ፤ ይሁን። ሥራ የሰጠ ይነሳል። እድራችን ግን ማንም የሰጠን አልነበረም፤ ራሳችን ነን ያቆምነው። እኛ ፋብሪካ ከደቡብም ከወለጋም ከጎጃምም የመጣ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ተከራይ። ተከራይ ደግሞ የሰፈር እድር ላይ ሥር አይሰድም። ዛሬ ጎሮ፣ ለከርሞ ሰሚት፣ ከዚያ ደግሞ አከራይዋ «ልጄ ልታገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ትልና ሌላ ቦታ። ስለዚህ ቀባሪያችን ፋብሪካው ነበር። ከደመወዛችን እየተቆረጠ ድንኳን ገዛን፣ አግዳሚ ወንበር በየድን፣ ትልልቅ ብረት ድስትና ሰሃን አሟላን። ሁሉንም ፋብሪካው መጋዘን አንድ ጥግ አስቀመጥነው። ንብረት ያዧ እኔ ነበርኩ።

እና ምን ዓይነት ጅልነት ሠራን መሰላችሁ? የፋብሪካውን ዓርማ አተምንበት። ማንም አላዘዘንም እኮ! የቀለም ክፍሉ ልጅ ዓርማውን ቆርቆሮ ላይ ቀድዶ አወጣና ድንኳኑ ግንባር ላይ፣ ወንበሮቹ ጎን ላይ፣ የድስቱ ክዳን ላይ ሳይቀር በሰማያዊ ቀለም ረጨው። እኛም አጨበጨብን። ለቅሶ ቤት ስንደርስ የሰፈሩ ሰው «የፋብሪካዎቹ መጡ» ይል ነበር፤ ደስ ይለናል፣ ደረታችን ይነፋል። በገዛ ላባችን የገዛነው ዕቃ ላይ በገዛ እጃችን የሌላ ሰው ስም ጻፍንበት። ባንኩ ሲመጣ ዓርማ ያለበትን ሁሉ የፋብሪካው ነው ብሎ መጋዘኑን አሸገ። «ኧረ ይሄ የእኛ የእድር ዕቃ ነው» ብዬ ስጮህ «በኋላ ይታያል» አሉኝ። የእነሱን በኋላ እስካሁን አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ተበታተንን። አንዱ ባጃጅ ነዳ፣ አንዷ ጎሮ አደባባይ ድንች መጥበስ ጀመረች፣ እኔ በየቤቱ እየዞርኩ የሞተ ፍሪጅ የሚያነሳ ጥገና ሠራተኛ ጋር ተለጠፍኩ። የእድሩ ሊቀመንበር ጡረታ የደረሱ በያጅ ናቸው፤ እንደ አባት የምናያቸው። አንድ ቀን ታክሲ ላይ ተገናኘንና «ጋሼ፣ እድሩን መቼ እንሰብስብ?» አልኳቸው። «ደመወዝ በሌለበት የምን እድር?» አሉ። «አንቺ ደግሞ፤ አልቋል እኮ።» ያ «አልቋል» የምትለው ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመች።

የቀለም ክፍሉ ልጅ የደወለ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱን ከሆሳዕና አምጥቷት አብራው ትኖር ነበር። አማርኛ እምብዛም አትችልም፤ አንዴ ቤቱ ስሄድ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ስማኝ፣ ስቃ፣ ዝም ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች። በዚህ ከተማ የሚያውቋት ልጇና ምራቷ ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ እናቴ አረፈች» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና «ሰው የለኝም እኮ» አለ።

ይሄኔ ደሜ ፈላ። በመሞቷ አይደለም፤ ሞት የእግዜር ነው። እንደዚያ ባስባለው ነገር ነው። ይሄ ልጅ በየለቅሷችን ድንኳን ሲተክል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲሸከም የኖረ ልጅ ነው። የእኔ ወንድም የሞተ ጊዜ ከሌሊት ጀምሮ ደጄ ላይ የቆመ እሱ ነው። ዛሬ እናቱ ሰው እንደሌላት፣ ወጥታ እንደቀረች መንገደኛ ልትቀበር?

«ማነው የለህም ያለህ?» ብዬ ጮህኩበት። በሐዘንተኛ ላይ መጮሄ አሁን ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላፈርኩም። «ቁጭ በል፤ እንመጣለን።»

ሞቶ የነበረውን የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፍቼ በድምፅ መርዶውን ነገርኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ፤ ከዚያ ጎረፈ። ሁሉም ይመጣል። ግን የት ይቀመጣል? ልጁ የተከራየው አንዲት ክፍል ናት፤ ግቢው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የሚያመልክበት ቸርች ትንሽ የኪራይ አዳራሽ ናት፤ መዝሙር እንጂ ድንኳን የላትም። «ተከራይተን እንትከል» ያለ ነበር። «የራሳችን እያለ?» አልኩ። «የራሳችን ድንኳን መጋዘን ውስጥ አይጥ እየበላው የሰው ድንኳን ልከራይ? አላደርገውም!»

ሊቀመንበሩን አስነስቼ ፋብሪካው በር ሄድን። ጥበቃው ከኤጀንሲ የመጣ አዲስ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰው። «እናቴ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ። ማኅተም ያለበትን በር ከነካሁ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ አልተናደድኩም። ለድሮው ሥራ አስኪያጅ ደወልኩለት፤ «ከእኔ እጅ ወጥቷል» አለና ዘጋው። ባንኩ ስንደውል አንድ ወጣት አነሳ፤ ንብረቱን የሚከታተለው እሱ ነው። «ኢንቬንተሪ ውስጥ የገባ አሴት ነው፤ በጽሑፍ ሪኩዌስት አቅርቡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይታያል» አለኝ። አሴት! ድንኳን ነው እኮ፣ ሰው ሲሞት የሚተከል! እናትየዋን እስከሚቀጥለው ሳምንት ጠብቂ ልበላት?

ማታ ልጁ ቤት ተጠጋግተን ቆመን፣ ግማሻችን መንገድ ላይ፣ እኔ ተናገርኩ። «ድንኳኑ ወደ ሐዘኑ ካልመጣ፣ ሐዘኑ ወደ ድንኳኑ ይሂድ።»

ሊቀመንበሩ «አብደሻል እንዴ?» አሉ።

«ከቀብር ስንመለስ እዚያ በር ላይ እንቀመጣለን። ሐዘንተኛ ተቀመጥክ ተብሎ የሚባረርበት አገር አለ? ካለ እንየው።»

ሁሉም ወደ ልጁ ዞረ። የእሱ እናት ናት፤ ቃሉ የእሱ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር። ቀና ብሎ «ያን ዓርማ የረጨሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሺ፤ እንሂድ።»

በማግስቱ ከመቃብሩ ስንወጣ የጫነን የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሹፌር «ወዴት ነው?» አለ። «ፋብሪካው» አልኩት። ግራ ገብቶት በመስተዋቱ አየኝ፤ ነዳው።

በሩ ጥግ፣ በግንቡ ሥር፣ ፕላስቲክ አንጥፈን ተቀመጥን። ሐዘንተኛው መሃል፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላው። የቸርቹ ሰዎች መዝሙር ጀመሩ፤ የእኛዎቹ አሮጊቶች ደግሞ በወጉ እናልቅስ ብለው እሪ አሉ። ከፋብሪካው ጀምሮ እንዲህ ነን፤ እነሱ ሲዘምሩ እኛ እናለቅሳለን፣ አንዱ ሌላውን ዝም አያሰኝም። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ደውሎ ነገራቸው፤ መንገር ሥራው ነው።

እኔ የጠበቅኩት ፖሊስ ነበር። የመጣው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ማዶ ያለው የብረታ ብረት ሱቅ ወንበሮቹን አወጣ። ፎቅ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች አቧራቸውን አራግፈው መጥተው ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ። የሚኒባስ ረዳቶች ሲያልፉ ሙዚቃ ያስቀንሱ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ንፍሮ በትልቅ ሳህን ይዛ መጣችና «ማን ነው የሞተው?» አለች። ወደ ልጁ እያሳየኋት «እናቱ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ማዞር ጀመረች። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ የባንኩ ልጅ መጣ። ነጭ መኪና፣ ሱፍ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ። በሩን በኃይል ዘግቶ ሲወርድ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሊል አፉን የከፈተ ይመስለኛል። ግን ሊቀመንበሩ ብድግ አሉና ቦታቸውን ለቀቁለት። በዚያ ዕድሜያቸው ተነስተው! የባንኩ ልጅ ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ያ ሁሉ ሰው ወደ እሱ ያያል። የአስተዳደግ ነገር ክፉ ነው፤ ሰውዬው ሳይፈቅድ አፉን ይቀድመዋል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና ቁጭ አለ።

ከተቀመጠ በኋላ ማን ይነሳል? ንፍሮዋን ይዛ የምትዞረው ሴት መዳፉ ላይ ዘገነችለት። ሱፉን አይቶ፣ ንፍሮውን አይቶ፣ በላ።

ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ትናንት የደወሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ፕሮሲጀር እኮ አለው» አለኝ።

«እማማ አትበለኝ፤ ገና ነኝ» አልኩት። «ፕሮሲጀሩን አልነካንም። በሩን አልነካንም። ማኅተምህ እንዳለ ነው፣ ሄደህ እየው። እኛ የተቀመጥነው መንገድ ዳር ነው። ሰባት ቀንም ቢሆን እንቀመጣለን። ሥራ እንደሆነ የለንም፤ አንተም ታውቃለህ።»

«ግን ዓርማው የፋብሪካው ነው...»

«ዓርማውማ የፋብሪካው ነው! ሞኝነታችን ነው የጻፈው። ያ መሃል የተቀመጠው ልጅ ነው የረጨው፤ ዛሬ የቀበረው እናቱን ነው። ሂድና ድንኳኑ የማን እንደሆነ እሱን ጠይቀው።»

አልጠየቀውም። አየው፤ ከዚያ መሬቱን አየ። ስልኩን አውጥቶ ወደ መኪናው ሄደ። ከአለቃው ጋር ሲያወራ ከሩቅ እናየዋለን፤ አንድ እጁን ያወናጭፋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። መዝሙሩና ለቅሶው ከበስተኋላው እየተሰማ መሆን አለበት፤ የኛ አሮጊቶች ይህን ሲያዩ ጨመሩበት። እግዜር ይይላቸው፣ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ተመልሶ መጣ። «የእድሩን ዕቃ ብቻ። እኔ ባለሁበት ይወጣል። ሐዘናችሁ ሲያልቅ ትመልሳላችሁ» አለ።

«እሺ» አልኩ።

ማኅተሙን ራሱ ቀደደው። መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ ያን ያልተሸጠ ፍሪጅ በተርታ ቆሞ ሳየው አንዱን በር በእጄ ሳልዳብስ ማለፍ አልቻልኩም። ተናደድኩም፣ አዘንኩም። ያ ሁሉ ሥራ! ከዚያ «ጋሼ፣ በዚያ ጫፍ ያዙ» አልኩና ድንኳኑን አነሳን። ሳይመሽ ጎሮ፣ ከልጁ ቤት ፊት ያለውን ቅያስ ሞልቶ ተተከለ። ሊያልፍ የመጣ መኪና ሁሉ ተመለሰ። የመንገዱ ሰው «የማን ትልቅ ሰው ናት የሞተችው?» ይል ነበር። ልጁ የእናቱን ስም ከነአያቷ እየጠራ ይመልስ ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ፣ ደጋግሞ።

ሠልስቱ አለፈ። የባንኩ ልጅ ደወለ። «ሐዘኑ አለቀ?»

«አላለቀም» አልኩት። እውነቴን ነው። የባጃጅ ነጂያችን አማት ሞታ ድንኳኑ ወደ ሰሚት ሄዶ ነበር። ሌላ ጊዜ ሲደውል ኮተቤ ነበር። ሐዘን ሲያልቅ ነው እሺ ያልኩት፤ የሰው ሐዘን መቼ አልቆ ያውቃል? መሃል ላይ ስንሰበሰብ ሊቀመንበሩ ራሳቸው «ድንኳኑ የት ይደር?» አሉ። እኔ ቤት ነዋ! ሳሎኔን ግማሹን ይዞታል፤ ብረቶቹ ከአልጋዬ ሥር ናቸው፤ ልጄ «ማሚ፣ ቤታችን መጋዘን ሆነ እኮ» ትላለች። ይሁን። ደመወዝ ሳይኖረን ሰው አሁንም የአቅሙን ያዋጣል፤ ያጣ ጉልበቱን ያመጣል። ጉልበትስ ካልን የሚበልጠን የለም።

አሁን በቅርቡ እንደገና ደወለ። የባንኩ ልጅ። ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ቁጣዬን አዘጋጅቼ ነው ያነሳሁት። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ነበሩ፤ ከአንድ ለቅሶ ተመልሰን ወንበር እያወረድን ነው።

«አትድከም፤ አልመልስም!» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው። «ከፈለግክ ፖሊስ ይዘህ ና። ድንኳኑ እኔ ቤት ነው፤ ና!»



«ለእሱ አይደለም የደወልኩት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው። «አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ከአገር ቤት ለሕክምና አምጥቼው ነበር። ሳሊተ ምሕረት ጋ አፓርታማ ነው የምኖረው፤ ጎረቤቴን በስም አላውቀውም። ድንኳን መከራየት እንደሚቻል አውቃለሁ። እሱ አይደለም የቸገረኝ። የሚቀመጥበትን ሰው... ከየት ልከራይ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ወንበር መሬት አስቀመጡ።

«አባል አይደለም እኮ» አሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ ወንበሩን አያውርዱ። መልሰው ይጫኑት።»